አምፖሉ ነው ወይስ ሽቦው? በሃይ ሳይድ ስዊች ኦፕን ሎድን ሳይዋሹ ማወቅ

የፍሬን መብራታችን መቃጠሉን መጀመሪያ የምናውቀው እኛ አይደለንም። ከኋላችን የሚነዳው ሰው ነው። እሱ ጥሩምባ ነፍቶ ካልነገረን ወይም ትራፊክ ካላስቆመን ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያው እንሄዳለን። አዲስ መኪና ላይ ግን ዳሽቦርዱ ራሱ ይናገራል። ከየት አወቀ? አምፖሉ አጠገብ ካሜራም የተለየ ሴንሰርም የለም። ያወቀው አምፖሉን የሚያበራው ማብሪያ ራሱ ነው። ያ ማብሪያ ደግሞ እንደድሮው ጠቅ የሚል ሪሌ ሳይሆን ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ ቺፕ ነው፤ ሃይ ሳይድ ስዊች ይባላል።

ይህን የምጽፈው ቺፑን ቦርዳቸው ላይ ለሚያስቀምጡ ሰዎች ነው፤ ለሚጠግንም ይጠቅማል። ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚገባው የቤት መኪና ኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሆን ከተወሰነ ወዲህ ጋራዥ የሚመጣው መኪና በእነዚህ ቺፖች የተሞላ ነው። ትልቁ ባትሪ ስንትም ቮልት ይሁን መብራቱ፣ ጥሩምባውና ዝናብ መጥረጊያው አሁንም በአብዛኛው በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ለአንድ ሚኒባስ የኋላ መብራቶችን የሚቆጣጠር ቦርድ ሠርቼ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ እንከን አልነበረውም። ሽቦ ስነቅል "ተቋርጧል" ይላል፣ ስመልሰው ይተዋል። ደስ ብሎኝ ገጠምኩት። በማግስቱ ጠዋት ሹፌሩ ሞተሪኖውን ሲመታ ማስጠንቀቂያዋ በራች። ወርዶ አየ፣ መብራቱ ይበራል። በሁለተኛው ቀንም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን አልደወለልኝም፤ ማስጠንቀቂያዋ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጠፈባት። ከዚያ በኋላ መብራቱ የእውነት ቢቃጠልስ ማን ሊያይ ነው?

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ መቋረጥን ስለማግኘት ብቻ አይደለም። ማግኘቱ ቀላል ነው። ከባዱ ያልተቋረጠውን "ተቋርጧል" አለማለት ነው።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሆነ

ሃይ ሳይድ ማለት ማብሪያው በባትሪው ፖዘቲቭና በሎዱ መሀል ይቀመጣል ማለት ነው። ሎድ የምለው አምፖሉን፣ ፓምፑን፣ ሞተሩን፣ ማንኛውንም ከረንት የሚበላ ነገር ነው። የሎዱ ሌላኛው ጫፍ ቦዲ ላይ ይታሰራል። መኪናው ሁለንተናው ኔጌቲቭ ስለሆነ ወደ መብራቱ የሚሄደው አንድ ሽቦ ይበቃል።

ቺፑ ውስጥ ሞስፌት (ከረንቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው ትራንዚስተር) አለ፣ ጌቱን (መክፈቻ እግሩን) ከባትሪው ቮልቴጅ በላይ የሚገፋ ቻርጅ ፓምፕ አለ፣ ሲግልና ሾርት ሲሆን የሚዘጋ መከላከያ አለ። የኢንፊኒየን ኩባንያ ፕሮፌት ቺፖችም የኤስቲ ኩባንያ ቪፓወርም አሠራራቸው በዚህ በኩል ይመሳሰላል። ለእኛ ዋናው የሴንስ ፒኑ ነው። በሎዱ ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት በአንድ ቁጥር አካፍሎ ትንሽ ቅጂ ያወጣል። ያንን ቅጂ በሬዚስተር ወደ ቮልቴጅ ቀይረን በማይክሮኮንትሮለር (ቦርዱ ላይ ባለው ትንሽ ኮምፒውተር) እናነባለን። አንዳንዱ ቺፕ ሴንስ የለውም፤ "ደህና ነኝ" ወይም "ችግር አለ" ብቻ የሚል የስታተስ ፒን ነው ያለው። እሱም ይሠራል፣ ግን ሰውየው ለምን እንዳኮረፈ አይነግራችሁም። ምርጫ ካላችሁ ሴንስ ያለውን ግዙ።

ኦፕን ሎድ የሚባለው ያ ከረንት የሚሄድበት መንገድ ሲቋረጥ ነው። የአምፖሉ ክር ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ኮኔክተሩ ወልቆ፣ ሽቦው ተቆርጦ፣ ወይም የቦዲው ማሰሪያ ዝጎ። ቺፑ ከነዚህ የትኛው እንደሆነ ማየት አይችልም። የሚያየው የራሱን እግር ብቻ ነው።

ሲበራ መጠየቅ

አንደኛው መንገድ ግልጽ ነው። አብራው፣ ከረንቱን ለካ፣ ከረንት ከሌለ ተቋርጧል።

በቁጥር እንየው። ማካፈያው 1500 የሆነ ቺፕ ያዙና ሴንስ ፒኑ ላይ 1.5 ኪሎኦም ሬዚስተር አድርጉ። ሒሳቡ ያምራል፤ በሎዱ 1 አምፔር ሲያልፍ ፒኑ ላይ 1 ቮልት ይመጣል። ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ይበላል፣ ስለዚህ 1.75 ቮልት ታነባላችሁ። በ5 ቮልት የሚሠራ ባለ 10 ቢት (ከ0 እስከ 1023 የሚቆጥር) መለኪያ ላይ 358 አካባቢ የሚሆን ቁጥር ነው። አምፖሉ ሲቃጠል ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። 358 እና ዜሮን ማምታታት ይከብዳል። ለአንድ አምፖል በቃ።

አሁን የግራና የቀኝ የፍሬን አምፖሎች በአንድ ቻናል (በአንድ የቺፑ መውጫ) ይብሩ። አንዱ ሲቃጠል ከረንቱ ዜሮ አይሆንም፣ ግማሽ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው የባትሪው ቮልቴጅ ወደ ጨዋታው የሚገባው። አምፖል ቮልቴጁ ሲጨምር ክሩ ይበልጥ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከረንቱ ያድጋል እንጂ በቮልቴጁ ልክ አያድግም። ያ 1.75 አምፔር የሚበላው አምፖል በ9 ቮልት 1.5 አካባቢ፣ በ16 ቮልት 2.05 አካባቢ ይበላል። ሁለት አምፖል ከ3 እስከ 4.1 አምፔር፣ አንድ አምፖል ከ1.5 እስከ 2.05። መሀሉ ሰፊ ነው። ድንበሩን 2.5 ላይ ብታደርጉት በሰላም ታድራላችሁ።

ሦስተኛ የፍሬን መብራት ጨምሩበት። ሦስቱ ከ4.5 እስከ 6.15፣ ሁለቱ ከ3 እስከ 4.1። ክፍተቱ 0.4 አምፔር ብቻ ቀረ። በዚያ ላይ ቺፑ ራሱ ይሳሳታል፣ አምፖሎቹም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያሉ። በቋሚ ድንበር አይሆንም። የባትሪውን ቮልቴጅ አብራችሁ ለኩና ድንበሩን ከሱ ጋር አንቀሳቅሱት፤ አራት አምስት ቁጥር ያላት ትንሽ ሠንጠረዥ ትበቃለች። ሴንስ ሬዚስተሩንም ወደ 750 ኦም አውርዱት፣ አለዚያ 6 አምፔር ላይ መለኪያው ሞልቶ ይፈሳል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ሦስተኛውን መብራት የራሱ ቻናል መስጠት ነው። ቻናል ለመቆጠብ ብሎ በኋላ በሶፍትዌር መሰቃየት አያዋጣም።

አንዲት ማስጠንቀቂያ፤ ቺፑ ሾርት ወይም ሙቀት ሲያይ ሴንስ ፒኑ ላይ ሆን ብሎ ትልቅ ከረንት ያወጣል። በ1.5 ኪሎኦም ላይ ከ5 ቮልት ሊያልፍ ይችላል። በሴንስና በማይክሮኮንትሮለሩ መሀል ጥቂት ኪሎኦም አስገቡ፣ አለዚያ የምታጡት አምፖል ሳይሆን ማይክሮኮንትሮለሩን ነው።

ይህ መንገድ የሚሰናከለው ሎዱ ትንሽ ሲሆን ነው። የኤልኢዲ የኋላ መብራት 30 ሚሊአምፔር ብቻ ቢበላ ሴንሱ 30 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ መለኪያው ላይ 6 ቁጥር። ቺፖቹ ደግሞ በትልቅ ከረንት ጎበዝ፣ በትንሽ ከረንት ሰነፍ ናቸው። በውስጡ ያለው ማጉያ የራሱ ትንሽ መንሸራተት ስላለው እንዲህ ባለ ከረንት ላይ ስህተቱ ግማሽ በግማሽ ቢደርስ አይግረማችሁ። 6 የሚለው 3 ሊሆን ይችላል፣ 9ም ሊሆን ይችላል። ዜሮ መሆን ሲገባው 2 የሚልም አለ። በ2 እና በ3 መሀል ድንበር አበጅቶ ሰው ማስቆም ጉድ ነው። ለትንሽ ከረንት ተብሎ ማካፈያውን የሚቀይር ቺፕ አለ፣ እሱን ፈልጉ። ካጣችሁ ወደሚቀጥለው መንገድ።

ሲጠፋ መጠየቅ

ሁለተኛው መንገድ ማብሪያው ጠፍቶ እያለ መጠየቅ ነው። መልካምነቱ መብራቱን ማብራት አያስፈልግም። ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር፣ ፍሬን ገና ሳይረግጥ፣ የፍሬን መብራቱ እንዳለ ማወቅ ይቻላል።

ዘዴው እንዲህ ነው። ከባትሪው ወደ ቺፑ መውጫ በሬዚስተር ትንሽ ከረንት ስደዱ። ሎዱ ካለ ከረንቱን ወደ ቦዲ ይጎትተዋል፣ መውጫው ዜሮ አካባቢ ይቀመጣል። ሎዱ ከሌለ የሚጎትተው የለም፣ መውጫው ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ይወጣል። ቀዝቃዛ አምፖል ሬዚስታንሱ በግምት ከጋለው አንድ አሥረኛ ነው። የኛው 21 ዋት ሲጋል 7 ኦም የሚጠጋው ሲቀዘቅዝ ከ1 ኦም በታች ነው። በ1 ኪሎኦም ብትገፉት መውጫው 10 ሚሊቮልት እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

እዚህ ዳታሺቱን (የቺፑን መግለጫ ሰነድ) በጥንቃቄ አንብቡ። ቺፖቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን "መውጫው ከቦዲ ተነስቶ ከ2 እስከ 4 ቮልት ካለፈ ተቋርጧል" ይላል። ሌላው ወገን "በባትሪውና በመውጫው መሀል ያለው ልዩነት ከ2 ቮልት ገደማ ካነሰ ተቋርጧል" ይላል። ለአምፖል ሁለቱም አንድ ነው። ለኤልኢዲ ግን የሌሊትና የቀን ያህል ይለያያል፣ እመጣበታለሁ።

የሬዚስተሩ መጠን ስንት ይሁን? ብዙ ሰው 10 ኪሎኦም አድርጎ ያልፋል። እኔም አድርጌያለሁ። ክረምት ሲገባ ኮኔክተሩ ውስጥ ውኃና ጭቃ ይገባል፣ በፒኑና በቦዲው መሀል 10 ኪሎኦም የሚሆን ቀጭን መንገድ ይከፈታል። አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ግን ጭቃው እንደ ሎድ ይጎትታል። መውጫው 12 ሳይሆን 6 ቮልት ላይ ይቆማል። ልዩነቱን የሚያየው ቺፕ 6 ቮልት ያያል፣ "ደህና ነው" ብሎ ይተኛል። በ1 ኪሎኦም ብትገፉት ግን መውጫው 10.9 ቮልት ይደርሳል፣ ልዩነቱ 1.1፣ ተያዘ።

ታዲያ 1 ኪሎኦም ይሁና? ቆዩ። ሎዱ በደህና ጊዜ ያ ሬዚስተር 12 ሚሊአምፔር ይበላል። ስምንት ቻናል ካላችሁ 96። መኪናው ሁለት ሳምንት ቢቆም 32 አምፔር ሰዓት ሄደ ማለት ነው፤ ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከዚያ በኋላ ሞተሪኖ አያዞርም። ስለዚህ ሬዚስተሩን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አትሠሩት። በትንሽ ትራንዚስተር አድርጉትና ለምርመራ ብቻ ክፈቱት። አንድ ትራንዚስተር ለሁሉም ቻናሎች ይበቃል፣ ሬዚስተሩ ግን ለየቻናሉ ለየብቻ ይሁን፤ አለዚያ አንዱ የሌላውን ከረንት እየጎተተ መልሱ ይምታታል። ለሬዚስተሩ ግማሽ ዋት በቂ ነው።

ያ ትራንዚስተር ሌላም ጥቅም አለው፣ እንዲያውም ዋናው ጥቅሙ ይኸኛው ነው። መውጫው ከፍ ብሎ ሲታይ ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። ወይ ሎዱ ተቋርጧል፣ ወይ የመውጫው ሽቦ የሆነ ቦታ ተልጦ ከባትሪ ሽቦ ጋር ተነካክቷል። በትራንዚስተሩ ትለዩታላችሁ። ክፈቱት፣ አንብቡ። ዝጉት፣ እንደገና አንብቡ። ሲዘጋ መውጫው ከወረደ ከፍ ያደረገው የኛው ሬዚስተር ነበር፤ ኦፕን ሎድ። ሲዘጋም ከፍ እንዳለ ከቀረ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ባትሪ አለ፤ ሾርት ነው፣ ወይም የቺፑ ሞስፌት ራሱ ተጣብቆ ቀርቷል። እንዲወርድ ደግሞ የሚያወርደው ያስፈልጋል፤ ከመውጫው ወደ ቦዲ 47 ኪሎኦም አድርጉ። መውጫው ላይ ለስታቲክ መከላከያ 22 ናኖፋራድ ካፓሲተር ካለ ለመፍሰስ ብዙ ሚሊሰከንድ አይፈጅበትም፤ 10 ሚሊሰከንድ ጠብቃችሁ አንብቡ።

ብዙ ቺፕ ሲጠፋ ያየውን መቋረጥ የሚናገረው በዚያው በሴንስ ፒን ነው፣ ሾርት ሲያይ በሚያወጣው በዚያው ትልቅ ከረንት። ምልክቱ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ግን መግቢያው በርቶ ወይም ጠፍቶ እንደሆነ ይለያያል። ሶፍትዌራችሁ ይህን ካልለየ አምፖል የተቃጠለበትን ሰው ሾርት ፈልግ ብሎ ይልከዋል።

ሁለቱን መልሶች ማጋጨት

ሲበራ ከጠየቃችሁ ለምን ሲጠፋ ትጠይቃላችሁ? ምክንያቱም አንዱ የማያየውን ሌላው ያያል።

የዛገ ኮኔክተር ውሰዱ፤ 500 ኦም የሚሆን ዝገት። አምፖሉ አይበራም፣ ምክንያቱም 24 ሚሊአምፔር ብቻ ነው የሚያልፈው። ሲጠፋ ስትጠይቁት ግን በ1 ኪሎኦምና በ500 ኦም መሀል 4 ቮልት ይቀመጣል። ልዩነት የሚያየው ቺፕ 8 ቮልት አይቶ "ሎድ አለ" ይላል። እውነቱን ነው፣ የሆነ ነገር አለ። ግን መብራት አይደለም። ዝገቱ 5 ኪሎኦም እስኪደርስ ድረስ ይህ ምርመራ ይሸወዳል። ሲበራ ስትጠይቁት ግን ወዲያው ይታወቃል።

እኔ የምጠቀምበት አካሄድ ይህ ነው። ሲበራ ከረንት የለም፣ ሲጠፋም መውጫው በትራንዚስተሩ ይወጣል ይወርዳል፤ ያለጥርጥር ተቋርጧል። ሲበራ ከረንቱ አነስተኛ፣ ሲጠፋ ግን ደህና ከሆነ መልእክቱን "ኮኔክተሩን አጽዳ" አድርጉት እንጂ "አምፖል ቀይር" አታድርጉት፤ ሰው ደህና አምፖል ሲቀይር ይውላል። ሲበራ ደህና ሆኖ ሲጠፋ ተቋረጠ ካላችሁ ሎዱን ሳይሆን ራሳችሁን ጠርጥሩ። ሬዚስተሩ ወይም የጥበቃ ጊዜው ልክ አይደለም።

አንድ አስቂኝ ነገር አለ። የኋላ መብራቱ የቦዲ ማሰሪያ ሲላቀቅ ምን ይሆናል? የፍሬኑና የማታው አምፖል አንድ ማሰሪያ ነው የሚጋሩት። ፍሬን ሲረገጥ ከረንቱ በፍሬኑ አምፖል ያልፋል፣ ወደ ቦዲ መሄጃ ያጣል፣ በማታው አምፖል ወደኋላ ዞሮ ጠፍቶ በተቀመጠው የማታው ቻናል መውጫ ላይ ይቆማል። የፍሬኑ ቻናል "ተቋርጧል" ይላል። በዚያው ቅጽበት የማታው ቻናል "ከባትሪ ጋር ሾርት ሆኛለሁ" ይላል። ሁለት ችግር ይመስላል። አንድ ብሎን ነው። ሶፍትዌራችሁ እነዚህን ሁለቱን አብሮ ሲያይ "የቦዲ ማሰሪያውን እይ" እንዲል አድርጉት፤ ጋራዥ ውስጥ ያለው ሰው ይመርቃችኋል።

መቼ ዝም ይበል

ወደ ሚኒባሱ ልመለስ። የኋላ መብራቱ ኤልኢዲ ነበር፤ ሦስት ቀይ ኤልኢዲ በተከታታይ። እያንዳንዱ 2 ቮልት ገደማ ስለሚይዝ ጥቂት ከረንት ሲያልፍበት መውጫው ዜሮ አይሆንም፣ 6 ቮልት ላይ ይቀመጣል። ባትሪው 12 ሲሆን ልዩነቱ 6 ነው፣ ቺፑ ደህና ይላል። ሞተሪኖው ሲመታ ባትሪው ወደ 8 ወረደ። 8 ሲቀነስ 6፣ 2። ቺፑ ተቋርጧል አለ። አልዋሸም፤ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ በማይጠየቅበት ሰዓት። ቺፑ የመጀመሪያው ወገን (ከቦዲ ተነስቶ የሚለካው) ቢሆን ኖሮ ደግሞ 6 ቮልቱን አይቶ ቀኑን ሙሉ ተቋርጧል እያለ ይውል ነበር።

ስለዚህ የባትሪው ቮልቴጅ ከ9 በታች ወይም ከ16 በላይ ከሆነ ምርመራ አይደረግ። ውጤቱ "ደህና" አይባል፣ "ተበላሸ"ም አይባል፤ ያለፈው መልስ እንዳለ ይቆይ። ቮልቴጁ ከተመለሰ በኋላም ግማሽ ሰከንድ ያህል ጠብቁ።

ሲበራም እንዲሁ። አምፖል ሲበራ ክሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ በመጀመሪያው ቅጽበት አሥር እጥፍ ያህል ከረንት ይስባል። 100 ሚሊሰከንድ አሳልፋችሁ ለኩ። ፍሬቻ ከሆነ ጊዜው ጠባብ ነው፤ ደንቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ እንዲል ነው፣ በ90 ብንሄድ አንዱ ብልጭታ 330 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበራል። ከ100 እስከ 300 ባለው መሀል ሁለት ሦስት ጊዜ መለካት ይቻላል። መብራቱ በፒደብሊውኤም (በፍጥነት እየበራ እየጠፋ) የሚደበዝዝ ከሆነ መለኪያውን ከሱ ጋር አስተሳስሩት፤ በ200 ኸርዝ አንዱ ዑደት 5 ሚሊሰከንድ ነው፣ 10 በመቶ ሲበራ 500 ማይክሮሰከንድ ብቻ። ሴንሱ ለመረጋጋት 200 ያህል ይፈልጋል፣ ስለዚህ ልትዘጉት ስትሉ፣ 450ኛው አካባቢ፣ ለኩ። ከ5 በመቶ በታች ሲሆን አትለኩ። ባለብዙ ቻናል ቺፕ ላይ ደግሞ ቻናል ከቀየራችሁ በኋላ ሴንሱ እስኪረጋጋ ካልጠበቃችሁ የጎረቤቱን ከረንት ነው የምታነቡት።

አንድ መጥፎ ንባብ ብቻ ይዛችሁ ደግሞ አትፍረዱ። ኮረኮንች ላይ ኮኔክተር ይንቀጠቀጣል። እኔ ቆጣሪ አደርጋለሁ፤ መጥፎ ንባብ አንድ ይጨምራል፣ ጥሩ ንባብ አንድ ይቀንሳል፣ በ100 ሚሊሰከንድ አንዴ። 5 ሲደርስ ማስጠንቀቂያው ይበራል። የሚጠፋው ግን ዜሮ ሲደርስና 3 ሰከንድ ዜሮ ላይ ሲቆይ ነው። ቶሎ በርቶ ቶሎ የሚጠፋ ማስጠንቀቂያ ሹፌርን ያናድዳል፣ የተናደደ ሹፌር ፕላስተር ያወጣል።

ስለ ኤልኢዲና ስለዚያች ወርቃማ ሬዚስተር

ሲጠፋ የሚደረገው ምርመራ ኤልኢዲን በደብዛዛው ያበራዋል። በ1 ኪሎኦም 6 ሚሊአምፔር ያልፋል፣ ማታ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የሚያየው ሰው መኪናው የታመመ ይመስለዋል። ትራንዚስተሩን በሰከንድ አንዴ ለ2 ሚሊሰከንድ ብቻ ክፈቱት። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ትኩር ብሎ ካላየው አይታወቅም። ኤልኢዲው ቁልፍ ሲዞር አንዴ ብቻ ቢጠየቅም ይበቃዋል፤ ኤልኢዲ እንደ አምፖል ክር በየሳምንቱ አይበጠስም።

አሁን ደግሞ ስለ ገበያው። ሰው የመኪናውን አምፖል በኤልኢዲ ይቀይራል፣ ዳሽቦርዱ ይጮሃል ወይም ፍሬቻው እንደ እብድ ይፈጥናል። መኪናው ከረንት ቀንሶ አይቶ አምፖል ተቃጥሏል ብሎ ነው። መፍትሔ ተብላ የምትሸጠው ወርቃማ ቀለም ያላት ሬዚስተር ናት፤ 50 ዋት፣ 6 ኦም። ከኤልኢዲው ጎን ትገጠምና 2 አምፔር ትበላለች፣ መኪናውም ይረጋጋል። 24 ዋት ሙቀት ነው የምታወጣው። ፕላስቲክ ላይ በፕላስተር የታሰረች አይቻለሁ፣ ፕላስቲኩ እንደ ሰም ቀልጦ። መታሰር ያለባት ብረት ላይ ነው።

ከሙቀቱ ይልቅ የሚያስከፋኝ ግን ሌላ ነው። ኤልኢዲው የእውነት ሲሞት መኪናው አሁንም 2 አምፔር ያያል። ደህና ነው ይላል። ምርመራውን አላስተካከልንም፣ አፉን ነው የዘጋነው። ቦርዱ የናንተ ከሆነ ድንበሩን በሶፍትዌር ለኤልኢዲ አስተካክሉት እንጂ ሬዚስተር አትግዙ።

ጠረጴዛ ላይ አሰቃዩት

ሽቦ ነቅሎ መመለስ ፈተና አይደለም። እኔን ያሳፈረኝ እሱ ነው።

ቮልቴጁ የሚቀየር ፓወር ሰፕላይ ያዙ። 9፣ 12 እና 16 ላይ ሁሉንም ድገሙ፤ በመሀል በድንገት ወደ 7 ጣሉትና መልሱት፣ ሞተሪኖ እንደሚያደርገው። ማስጠንቀቂያ ከበራ ወድቃችኋል። ቀጥሎ አምፖሉን ንቀሉና በቦታው 10 ኪሎኦም አድርጉ፤ ያ የክረምት ጭቃ ነው፣ "ተቋርጧል" ማለት አለበት። ከዚያ አምፖሉን መልሱና ከሱ ጋር በተከታታይ 470 ኦም አስገቡ፤ ያ ዝገት ነው፣ ሲበራ መያዝ አለበት። 16 ቮልት ላይ ብዙ አታቆዩት፣ ትንሽ ሬዚስተር ከሆነ ያጨሳል። ከዚያ መውጫውን ከባትሪው ጋር በ2 አምፔር ፊውዝ አገናኙ፤ "ተቋርጧል" ካለ የትራንዚስተሩ ምርመራ እየሠራ አይደለም። ፊውዙን አትርሱ፤ እኔ ረስቼ አንድ ቦርድ ቀብሬያለሁ።

ሙቀትም ይለካል። ቺፑን በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት፣ የሴንሱን ቁጥር ጻፉ። ቦርዱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆዩትና እንደገና ጻፉ። በትልቅ ከረንት ብዙም አይለወጥም። በ30 ሚሊአምፔር ላይ ግን ቁጥሩ ሲዋልል ታያላችሁ፣ ያኔ ለኤልኢዲ ሲበራ መለካት ለምን እንደማልወደው ይገባችኋል።

መጨረሻ ላይ የቦዲ ማሰሪያውን ፍቱ። ፍሬን ርገጡ። የሚመጡትን ሁለት መልእክቶች ተመልከቱ።

የሚኒባሱ ቦርድ አሁን ትራንዚስተር አለው፣ ከ9 ቮልት በታች ዝም ይላል፣ ቆጣሪም ገብቶለታል። ፕላስተሩን ለመላጥ ግን ሙጫው ደርቆ ግማሽ ቀን ቤንዚን ነክሬ ፈትጌያለሁ።